ከሶፋ ወደ መደብ፦ የሳሎናችን እድሳት ማስታወሻ

ጥቅምት 30 ቀን 2018፣ እሑድ

ዛሬ ሳሎኑን ለካሁት። 3.80 በ4.60 ሜትር። ከወለል እስከ ጣሪያ 2.58። ሜትር ይዤ ከግድግዳ ግድግዳ ስንከራተት እማዬ ሶፋዋ ላይ ሆና አየችኝና፣ «ምን ጠፍቶሽ ነው?» አለች።

«ቦታ።»

ቤታችን አዲስ አበባ፣ የካ አባዶ ነው። አራተኛ ፎቅ፣ ባለ ሁለት መኝታ ኮንዶሚኒየም። ኮንዶሚኒየም ሲረከቡት ወለሉ ሲሚንቶ፣ ግድግዳው ልስን ነው። የቀረውን ባለዕጣው እንደ ኪሱና እንደ ወቅቱ ፋሽን ይጨርሰዋል። ለዚህ ነው ሰው ቤት በገባሁ ቁጥር ፊኒሺንጉ መቼ እንደተሠራ መገመት የምወደው። አበባ ያለው ጂፕሰም ካለ አንድ ዘመን ነው። ወለሉ መስታወት የሚያስንቅ ሴራሚክ ከሆነ ሌላ ዘመን። ከቴሌቪዥኑ ኋላ ቦይ ቦይ ያለው ዋል ፓኔል ከሰማያዊ ኤልኢዲ ጋር ካየሁ ቀለሙ ገና አልደረቀም ማለት ነው። የእኛን የጨረሰው ከእኛ በፊት የነበረው ሰው ነው። የሚያብረቀርቅ ነጭ ሴራሚክ፣ ክሬም ፕላስቲክ ቀለም፣ መሐል ላይ አንድ አምፖል።

ዋናው ችግር ግን ሶፋው ነው። ሦስት፣ ሁለት፣ አንድ፣ አንድ። ወይን ጠጅ ከፈይ፣ በየመደገፊያው ዳንቴል። ጥልቀቱ 95 ሳንቲም። በረንዳው በር ግማሽ ድረስ ይከፈትና የባለ ሁለቱን ክንድ ገጭቶ ይቆማል። እማዬ የእቁብ ዕጣ ሲወጣላት የገዛችው ስለሆነ ስለ እሱ ክፉ መናገር አይቻልም።

ኅዳር 3፣ ረቡዕ

ከሥራ ስወጣ ሃያ ሁለት የሚባለው ሰፈር ሁለት የፊኒሺንግ ሱቅ ገባሁ። ሁለቱም ጋ መጀመሪያ ያሳዩኝ ወደ ላይ ነው። ጂፕሰም። ደረጃ ደረጃ ያለው፣ ጠርዙ ውስጥ ኤልኢዲ ስትሪፕ የሚያበራ፣ በሪሞት ቀለም የሚቀያየር። ለሳሎኔ ስንት ዝቅ ይላል አልኩት ሻጩን። «ከ15 እስከ 20 ሳንቲም።» ከ2.58 ላይ 20 ሲቀነስ እጄን ሳነሳ ኮርኒሱን ልነካው ነው። ተውኩት።

ማታ ስልኬ ላይ ሁለት ሰዓት አጠፋሁ። በውጭው ዓለም ግራጫው ዘመን ማለፉ ግልጽ ነው። ሁሉም ወደ አፈር ቀለም ሄዷል፦ ሸክላ፣ ቡና፣ አሸዋ። ግድግዳው ለስላሳ ሳይሆን ብሩሹ ያለፈበት የሚታይ። ጥጉ ሹል ሳይሆን ክብ። ጣሪያ ላይ ከሚደረደር መብራት ይልቅ ግድግዳና ወለል ላይ የሚቀመጥ። ፓንቶን የተባለው የቀለም ድርጅት ለፈረንጆቹ 2025 የመረጠው «ሞካ ሙስ» የሚባል ቡናማ ነው። አሳየኋት። እማዬ መነጽሯን አድርጋ አየችና «ማኪያቶ» አለች። ሌላ ስም አያስፈልገውም።

ከነዚህ ሁሉ ፎቶዎች አንዱም ላይ የውሃ በርሜል የለም። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ኩሽናችን በር ላይ አንድ ሰማያዊ በርሜልና አራት ጀሪካን ቆሟል። ይህን ደብቆ የሚያሳይ ዲዛይነር ካገኘሁ እከፍለዋለሁ።

ኅዳር 6፣ ቅዳሜ

ሐሳቡ የመጣው ከፎቶ ነው። አንድ ሳሎን አየሁ፤ ሶፋ የለውም። ከግድግዳው ጋር አብሮ የተለሰነ፣ ከጫፍ እስከ ጫፍ የሚሄድ መቀመጫ አለው፤ ላዩ ላይ ፍራሽና ትራስ። ከሥሩ ረጅም እንግሊዝኛ ተጽፏል። እኔ ግን ሳየው አንድ ቃል ብቻ ነው የመጣልኝ፦ መደብ።

ከዓመታት በፊት ሐረር ጀጎል ውስጥ አንድ የሐረሪ ቤት ገብቼ ነበር። ወንበር የለም። ወለሉ ራሱ ደረጃ ደረጃ ሆኖ ከፍ ዝቅ ይላል፤ ነደባ ይሉታል። መድረኮቹ ቀይ የተቀቡ ናቸው። የቤቱ ባለቤት የሚቀመጥበት ቦታ ተለይቶ ይታወቃል። ፊት ለፊት ግድግዳው ውስጥ ገባ ገባ ያሉ መስኮት መሰል መደርደሪያዎች አሉ፤ 11 ናቸው ብለው ቆጠሩልኝ። አሁን ፒንተረስት ላይ እንደ አዲስ ነገር የሚዞረው፣ የአፈር ቀለሙም፣ ግድግዳ ውስጥ የተቀበረው መደርደሪያም፣ ከቤቱ ጋር የተሠራው መቀመጫም፣ እዚያ ነበረ።

ይህን ሁሉ በደስታ ለእማዬ ነገርኳት። ዝም ብላ ሰማችኝ። ከዚያ፣

«መደብ ልትሠሪ ነው?»

«አዎ፣ ግን ዘመናዊ...»

«እኔ ከመደብ ወርጄ ሶፋ ላይ እስክቀመጥ ስንት ዓመት እንደፈጀብኝ ታውቂያለሽ?»

ያደገችው ፋርጣ ነው። የጭቃ መደብ ላይ ነው የተኛችው። ቅዳሜ ቅዳሜ በእበት የምትለቀልቀው እሷ ነበረች። «ፎቶው ላይ ቁንጫው የታለ?» ብላኝ ተነሥታ ሄደች።

መልስ አልነበረኝም። አሁንም የለኝም።

ኅዳር 9፣ ማክሰኞ

ሦስት ቀን ሙሉ ስለ መደብ አልተነሣም። ዛሬ ራት ላይ ራሷ አነሣችው። «ባለ አንዱ ይቀመጥልኝ። ሌላውን የፈለግሽውን አድርጊ።» አንዲት ነጠላ ሶፋ ከነዳንቴሏ ትቀራለች ማለት ነው። ተስማማን። ቦታዋንም መረጠች፦ በረንዳው በር አጠገብ፣ ፀሐይ የሚገባበት።

ሥራው ከገና በፊት ማለቅ አለበት። እንግዳ አለን።

ኅዳር 10፣ ረቡዕ

መሐንዲስ ጓደኛዬን ደወልኩለት። ባለ 10 ብሎኬት በሁለት ረድፍ፣ 3.80 ርዝመት፣ 55 ጥልቀት፣ ውስጡ ተከፋፍሎ። ወደ 30 ብሎኬት ይፈጃል። አንዱን 10 ኪሎ ብንለው 300፤ ሙርታና ልስን ሲጨመር 400 ይጠጋል። ቦታው ደግሞ 2 ካሬ ሜትር ነው። የመኖሪያ ቤት ወለል ሲሰላ ለሰውና ለዕቃ በካሬ የሚታሰበው 200 ኪሎ አካባቢ መሆኑን ነገረኝ። «ሰው ሳይቀመጥበት ገና ጨርሰሽዋል» አለኝ። እንግዶቼ ደግሞ ቀጫጭኖች አይደሉም።

ስለዚህ ብሎኬት ቀረ። 30 በ30 ሚሊ ቱቦላሬ (ውስጡ ባዶ የሆነ አራት ማዕዘን ብረት) ተበይዶ አጽም ይሆናል። ፊቱ ላይ የዶሮ ቤት ሽቦ ተወጥሮ በስሱ ይለሰናል። ላዩ ኮምፔንሳቶ፣ በማጠፊያ የሚከፈት፣ ሥሩ ዕቃ ማስቀመጫ። ልስኑ 2 ሳንቲም ከሆነ 65 ኪሎ ገደማ ቢመዝን ነው።

ኅዳር 13፣ ቅዳሜ

የኤሌክትሪክ ቀን። ሠራተኛው ሳጥኑን ከፍቶ ፉጨት ለቀቀ። የእንጀራ ምጣዳችንና የሳሎኑ ሶኬቶች አንድ መስመር ላይ ናቸው! ምጣዱ 3,500 ዋት ነው። ለ220 ቮልት ሲካፈል 16 አምፒር ይጠጋል። እንጀራ ሲጋገር ቴሌቪዥኑ የሚጠፋው ለካ በመንደሩ መብራት አይደለም። ለስንት ዓመት መብራት ኃይልን ስረግም ኖሬ ጥፋቱ ከገዛ ግድግዳዬ ወጣ።

ለምጣዱ በ4 ሚሊ ሽቦ የራሱ መስመርና የራሱ ብሬከር ገባ። ለዓይን የማይታይ ሥራ ነው፤ ማንም እንግዳ አያደንቀውም። ግን ከዚህ ሁሉ እድሳት አንድ ነገር ብቻ የምትሠሩ ከሆነ ይህን ሥሩ።

ከዚያ መብራቱ። ጣሪያው ላይ የነበረው ነጭ አምፖል 6500 ኬልቪን ይላል፤ የብርሃኑ ቀለም መለኪያ ነው፣ ቁጥሩ ሲያንስ ብርሃኑ ወደ ቢጫ ይሄዳል። ክሊኒክ የሚያስመስለን እሱ ነው። ሁለት የግድግዳ መብራትና አንድ የቆመ መብራት ገዛሁ፤ ሦስቱም 3000። አምፖል ስትገዙ ዋቱን ብቻ ሳይሆን ካርቶኑ ላይ «ኬ» አጠገብ ያለውን ቁጥር አንብቡ። ሻጩ «ነጭ ነው የሚያምረው» ብሎ ሦስት ጊዜ ሊያስቀይረኝ ሞከረ።

እማዬ ቢጫውን ስታይ «የኩራዝ ቤት አደረግሽው» አለች። ምስር የምትለቅመው ሳሎን ውስጥ ነው፤ ጠጠሩ አይታያትም። ልክ ናት። ነጩ አምፖል በራሱ ማብሪያ ማጥፊያ ቀረ።

ኅዳር 14፣ እሑድ

ያልታሰበ ወጪ፦ ግድግዳ የተፈለፈለበት ፍርስራሽ ስምንት ከረጢት ሞላ። ሊፍት የለንም። ተሸካሚዎቹ በከረጢትና በፎቅ ቁጥር ነው የሚያስከፍሉት። ይህን ማንም አስቀድሞ አልነገረኝም።

ሦስተኛ ፎቅ ያሉት አባት አቧራው ልብሳቸው ላይ ወርዶ ተቆጥተዋል። እማዬ ዳቦ ይዛ ወረደች። አንድ ሰዓት ቆይታ የሳቸውን የልጅ ልጅ የትምህርት ነገር ሰምታ ተመለሰች። አሁን ከጠዋቱ 2 ሰዓት ተኩል በፊት መዶሻ አይነሣም፤ ስምምነቱ ይህ ነው።

ኅዳር 20፣ ቅዳሜ

ቀለም መፋቅ። የመደቡ ግድግዳ በኖራ ነው የሚቀባው። ውጭ አገር «ላይምዋሽ» እየተባለ በውድ ጣሳ የሚሸጠው ነገር ሌላ ምንም ሳይሆን ኖራ ነው። ኖራ ግን ፕላስቲክ ቀለም ላይ አይዝም። ውሃውን የሚመጥለት ባዶ ልስን ይፈልጋል። ስለዚህ ከላይ እስከ ታች መፋቅ። ምሽት ላይ ክንዴ ስልክ ማንሣት አቃተው።

ለግንበኛው ኖራ ነው የምንቀባው ስለው ቆም ብሎ አየኝ። «እህቴ፣ እንደ ቀበሌ አጥር?»

«እንደ ቀበሌ አጥር። ግን ቀለም ጨምረን።»

«ገንዘብ ቸግሮሽ ከሆነ ለቀለሙ ዱቤ አገኝልሻለሁ።»

ከልቡ ነበር።

ኅዳር 22፣ ሰኞ

ኖራውን ዘፍዝፌዋለሁ። ከተክለ ሃይማኖት ሰፈር የገዛሁት በከረጢት ያለ ዱቄት ነው። በባልዲ ውሃ ውስጥ ቀስ እያደረጉ መጨመር፣ ማማሰል፣ ከላይ ሁለት ጣት ውሃ እንዲተኛበት አድርጎ መክደን። አየር ካገኘ ባልዲው ውስጥ ይሞታል። ኖራ የሚደርቀው እንደ ቀለም በትነት ብቻ አይደለም። ከአየር ካርቦን ዳይኦክሳይድ ወስዶ ተመልሶ ድንጋይ ይሆናል። ጎንደር የፋሲል ግንብ ድንጋዮች ተያይዘው የቆሙት በዚሁ ነገር ነው።

ዓይን ያቃጥላል። መነጽርና ጓንት ገዛሁ። ግንበኛው ጓንቱን አመስግኖ ኪሱ ከተተው። ጣቶቹ ጫፍ ጫፋቸው ተሰነጣጥቀዋል። በማግስቱም ኪሱ ውስጥ ነበር።

ኅዳር 28፣ እሑድ

ሳምንቱን ሙሉ በኖራ አለፈ። በዝርዝር ልጻፈው፤ ብዙ የተማርኩት እዚህ ነው።

ቀለሙ ከብረት ኦክሳይድ የሚሠራ ቀይና ቢጫ ዱቄት ነው። ብዙው ሌላ ቀለም በኖራው ኃይል ይከስማል። መጠኑም ከኖራው ክብደት አንድ አሥረኛ እንዳይበልጥ፤ ከበዛ ኖራው አይይዘውም። ቀይ፣ ትንሽ ቢጫ፣ የጥቁር ቁንጥር። እርጥቡን ስቀባው የበሰለ ቀይ ወጥ መሰለ። ደንግጬ ልጠርገው ስል ግንበኛው «ተይው፣ ይደርቃል» አለኝ። ጠዋት ስነሣ ገርጥቶ ገርጥቶ ማኪያቶ ሆኗል። ስለዚህ መጀመሪያ ካርቶን ላይ ሳይሆን ልስኑ ጥግ ላይ ቀብታችሁ አሳድሩ።

ውፍረቱ ላይ ተሳስቼ ነበር። እንደ ተራ ቀለም አወፈርኩት። እማዬ በበሩ ስታልፍ ባልዲውን አየች። «ይሄ ሊጥ ነው። ወተት ነው መምሰል ያለበት።» እንዴት አወቅሽ ስላት መልስ ሳትሰጥ አለፈች። ልክ ነበረች። ወፍራሙ ያረፈበት ቦታ በሁለተኛው ቀን እንደ ዓሣ ቅርፊት ተነሣ፤ ፍቄ ደገምኩት።

ትልቁ ስሕተት ግን ሌላ ነው። የኅዳር ነፋስ ደረቅ ነው፤ በረንዳውን ከፍቼ ቶሎ እንዲደርቅ አደረግሁ። ደረቀ። ማግስቱን ጎረቤታችን ለቡና መጥታ ግድግዳውን ተደገፈች። ስትነሣ ጥቁር ሹራቧ ጀርባ ላይ የሳሎናችን ግድግዳ ነበር። ኖራው ድንጋይ ለመሆን እርጥበት ይፈልጋል። ከመቀባት በፊት ግድግዳውን ማራስ፣ ከቀቡ በኋላም ለጥቂት ቀናት በትንሹ ውሃ መርጨት፣ መስኮቱን መዝጋት። ግንበኛው ደግሞ ባልዲው ውስጥ አንድ እፍኝ ጨው ጣለበት፤ እርጥበቱን ያቆይለታል። እንደገና ሦስት ስስ እጅ፣ በሰፊ ብሩሽ፣ ወደ ሁሉም አቅጣጫ እያመሳቀልን ቀባነው።

አሁን ጠዋት ፀሐይ ስትገባ ግድግዳው ይንቀሳቀሳል። ግንበኛው እጁን ወገቡ ላይ አድርጎ ብዙ አየው። «ቀበሌው እንዲህ ቢቀባ» አለ።

በዚሁ ሳምንት ፓንቶን የፈረንጆቹን 2026 ቀለም አሳወቀ። ነጭ። ማኪያቶዬ ሳይደርቅ ፋሽኑ አለፈበት።

ታኅሣሥ 4፣ ቅዳሜ

የመደቡ አጽም መጣ። ብየዳው ሰፈር ውስጥ ነው የተሠራው። ደረጃው ላይ አልታጠፍ ብሎ ለሁለት ተቆርጦ ወጣ፤ ቤት ውስጥ እንደገና ተበየደ። (ከማስበየዳችሁ በፊት ደረጃችሁንም ለኩ።) ሽቦው ተወጠረ፣ ልስኑ ተመታ። የፊት ጥጉን ክብ እንዲያደርግልኝ ግንበኛውን ጠየቅሁት። በመለሰኛው አልሆንለት ሲል የፕላስቲክ ውሃ ጠርሙስ ቆርጦ ጎባጣውን ጎን ተጠቀመበት። ከሥራው ሁሉ ያማረው ያ ጥግ ነው።

ታኅሣሥ 9፣ ሐሙስ

መሐሉ ላይ ተሰነጠቀ። ፀጉር የምታክል መስመር ከላይ እስከ ታች። ግንበኛው አላየውም፤ እኔ አየሁ። እኔ እንኳ ባላየው እማዬ አይታዋለች። ሰው መሐሉ ላይ ሲቀመጥ ብረቱ ስለሚለመጥ ልስኑ አብሮ መለመጥ አይችልም። ብረቱ እግር የነበረው ጫፍና ጫፍ፣ አንድ ደግሞ መገጣጠሚያው ላይ ብቻ ነው። በየ95 ሳንቲሙ እግር ጨመርን። ስንጥቁ ተከፍቶ ተሞላ። እስካሁን አልተመለሰም። ቁርጥ ያለ መስመር ፈልጋችሁ ካያችሁ ግን ይታያል።

ታኅሣሥ 14፣ ማክሰኞ

ሽሮ ሜዳ። ለፍራሹ ልብስ ቡልኮ ፈለግሁ። ፋሽኑ አሁን እንደ በግ ፀጉር ጥቅልል ጥቅልል ያለ ወፍራም ጨርቅ ነው፤ ቡልኮ ምን አነሰው? ሸማኔው ለሶፋ ነው ስለው ደስ አላለውም። «ሰው ይለብሰዋል እንጂ ይቀመጥበታል?» አለ። ሸጠልኝ ግን። ያልታጠበ ጥጥ ስለሚሰበሰብ ከመሰፋቱ በፊት ሁለት ጊዜ አጠብኩት።

ስፖንጁ ጠንካራው፣ 10 ሳንቲም። መደቡ 36፤ ሰው ሲቀመጥ 44 አካባቢ ይሆናል። ለእማዬ ጉልበት ከዚህ ማነስ የለበትም። ስድስት ሰው ሳይጨናነቅ ይቀመጣል። ሶፋው ሰባት ነበር የሚያስቀምጠው፤ አንዱ ግን በሩ ላይ።

ታኅሣሥ 18፣ ቅዳሜ

ሶፋው ሄደ። የገዙት እዚሁ ብሎክ አዲስ የተጋቡ ልጆች ናቸው። እማዬ ዋጋ ላይ አልተከራከረችም፤ ይልቅ እኔን ዞር አድርጋ ቀነሰችላቸው። ዳንቴሎቹን አንድ በአንድ አንሥታ አጥፋ ያዘች። ባለ ሦስቱ በደረጃው ሲወርድ መዞሪያው ላይ ስትጮኽ ሰማኋት፦ «ቀስ! እግሩን! እግሩን ያዙት!»

ከዚያ ጭር ብሎ ነበር ቤቱ። በረንዳው በር ግን ለመጀመሪያ ጊዜ እስከ መጨረሻው ተከፈተ።

ጥር 2፣ ቅዳሜ

ገና አለፈ። አሥራ አንድ ሰው ገባ፤ ሕፃናቱ መደቡ ላይ ተኝተው አደሩ። አክስቴ ስትገባ «ውይ፣ መደብ!» ብላ እልል አለች። እማዬ ባለ አንዱ ሶፋ ላይ እንደ ዳኛ ተቀምጣ፣ «ልጅቷ ናት፣ ፋሽን ነው አሉ» አለቻት።

የቀሩ ሥራዎች፦ የመደቡ ሁለተኛ ክዳን ማጠፊያ ይጮኻል። የምጣዱ ብሬከር ላይ ስም ይጻፍ። በርሜሉ እዚያው ነው።

አንድ ሌላ ነገር። ዛሬ ግድግዳውን ስጠርግ ከመደቡ በላይ፣ በቀኝ ጥግ፣ ሳህን የሚያክል ጠቆር ያለ ክብ አገኘሁ። ነካሁት። አሸተትኩት። ቅቤ ነው። ለጋ፣ ከአርቲ ጋር። በዚህ ቤት ውስጥ ፀጉሯን ቅቤ የምትቀባ አንዲት ሴት ናት ያለችው፤ እሷም ሥራ ቦታ በምሆንበት ሰዓት መደቡ ላይ ጋደም አልልም ባይ ናት።

«እኔ? እኔ የራሴ ወንበር አለኝ» አለች።

ግንበኛውን ደወልኩለት። ቅቤ የጠጣ ልስን ላይ ኖራ አይዝም፤ ብትቀቢው ይፈነቅለዋል አለኝ። ፍቆ መለሰን እንደሚሻል ነገረኝ። ስልኩን ዘግቼ ስመለስ እማዬ ወንበር ላይ ቆማለች። በእጇ መርፌ ቁልፍና ሚስማር ይዛለች። ከሶፋው የተረፈውን ትልቁን ዳንቴል ክቡ ላይ ሰቅላ ጠርዙን እያስተካከለች ነው።

«ቀና ብሏል?» አለችኝ።

በግራ በኩል ትንሽ ዝቅ አድርጊው አልኳት።